ሰባት የኮክ ፍሬ

…ወንበሩን ጎተት አድርጊና ተቀመጪ እንጂ፣ የኔ እመቤት። ክሬም ቁጭ ተብሎም ይቀባል፤ ማን ከለከለሽ? እግርሽ እንዲህ አብጦ ቆመሽ ስትውዪ እኔን ያመኛል። ያቺን ማንኪያ ደግሞ አቀብይኝ፣ አብሬ ልጠባት። ግድ የለም፣ እጄ አንዴ ርሷል። ከሰኞ ጀምሮ ርሶ ነው የሚውለው። ውሃ ለቆዳ ጥሩ ነው ይላሉ… አሥራ አራት ዓመት ፎርኖ ፊት የደረቀ ቆዳ አሁን ገና አለፈለት።

ደመናማ ነው አይደል ዛሬ? መስኮቱን እንፋሎት ሸፍኖት አላየሁም። እንዲህ ያለ ቀን ለኬክ ቤት ጥሩ ነው። ቅቤ አይቀልጥም፣ ክሬም አይፈስም፣ ሰው አይናደድም።

እሱ ኬክ ለማን ነው? «እንኳን ደስ አለሽ»… ወይ! ለአዲሷ ሹም ነው? የኬክ ቤቱ ባለቤት ራሱ ነው ያዘዘው? እንዴት ያለ አሳቢ ሰው ነው እባክሽ። እኔ እዚህ ቤት አሥር ዓመት የደፈንኩ ዕለት ምን እንደሰጠኝ ታውቂያለሽ? የትኩስ ትሪ መያዣ ጓንት። አንድ። ሁለት እጅ እንዳለኝ ረስቶት ይሆናል፤ ሰው ነው፣ ይረሳል።

ጽሕፈትሽ ያምራል ግን። ስሟን ገና አልጻፍሽም? ተይው፣ አትቸኩዪ። ቦታውን ክፍት አድርገሽ አቆዪው። እስከ ምሳ ድረስ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል… ክሬሙ ሊበላሽ ይችላል ማለቴ ነው።

አይዞሽ፣ እኔ ስለማንም አላወራም። እኔ መቼ የሰው ነገር አንስቼ አውቃለሁ? የዕቃ ቤቱ በር ገርበብ ማለቱን አይቻለሁ። ከንጋት ጀምሮ ሰው አለበት። ያቺ አዲሷ ነጭ ጋውን ጠዋት ምስማሩ ላይ ተሰቅላ ነበር፤ ደረቷ ላይ በቀይ ክር «ዋና ጋጋሪ» የሚል ያለባት። አሁን የለችም። ክሩ ከሩቅ ነው የሚታየው፣ ደግ አደረጉ። ከቅርብ የሚያውቋትማ ላያምኑ ይችላሉ።

ድምፄ ከፍ አለ? ማቀዝቀዣው እኮ ነው። እንዲህ ሲያጓራ ዝግ ብሎ ማውራት ለራስ ማውራት ነው።

ብቻ እኔ የማወራው ስለ አንዲት ሴት ነው። አታውቂያትም። አጠገቧ ብትውዪም አታውቂያትም።

እንዴት ያለች ባለሙያ መሰለችሽ! የሌላው ሰው እጁ ነው ሙያ ያለው፤ የእሷ እንቅልፏ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ብድግ ብላ ባለቤቱ ፊት ስድስት ትንንሽ ኬክ አስቀመጠች። ከመዳፍ የማይበልጡ፣ በኩባያ የተጋገሩ፤ ሆዳቸው ውስጥ ኮክ፣ አናታቸው ላይ ፍርፋሪ። «ከየት አመጣሽው?» ሲላት ዓይኗን መሬት ላይ ጣል አድርጋ፣ «በሕልሜ መጣልኝ» አለች። በሕልሟ! ልኩ ሳይቀር። የዱቄቱ ኩባያ፣ የቀረፋው ቁንጥር፣ የቅቤው ግራም፣ ሁሉም ተሟልቶ። እኔ በሕልሜ ከደረጃ ስወድቅ ነው የማየው። አንዴ ደግሞ ጥርስ ሲረግፍ አይቻለሁ… እሱን ተይው፣ ኋላ አነሳዋለሁ።

የእሷ ሕልም መስመር ያለው ይመስለኛል። በእርሳስ የተጻፈ ሕልም። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ አንዱ ጠርዙ በእሳት ጠቆር ያለ። አይ… እኔ ምን አውቃለሁ? የሰው ሕልም ውስጥ ገብቼ አላየሁ።

ባለቤቱ ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ። ያ ሰውዬ ዓይኑን የሚጨፍነው ሲያስነጥስ ብቻ ነበር እኮ! «ጣዕሙ ልዩ ነው። ሽታው ብቻ ትንሽ አነሰኝ፤ እሱን አስተካክዪና ቅዳሜ ለሆቴሉ ሰውዬ እናቀምሰዋለን። ከዛሬ ጀምሮ ፎርኖው ያንቺ ነው» አላት። ለእኔ ምን አለኝ መሰለሽ? «አንቺ ልምድ ስላለሽ ማጠቢያው ጋ ትሆኛለሽ።» ልምድ! እውነቱን ነው እኮ። አሥራ አራት ዓመት ትሪ ያቆሸሸ ሰው እንዴት እንደሚጸዳ ያውቃል።

ከዚያ ሽታውን ለማስተካከል ተመልሳ የተኛች ይመስለኛል።

ማክሰኞ ዕለት የመጀመሪያዋን የዋናነት ትሪ አስገባች። ያ ፎርኖ ግራ ጥጉ እንደሚያቃጥል አንቺም ታውቂያለሽ፣ ድመቷም ታውቃለች። እሷ ግን ጠየቀች? እንዴት ትጠይቅ፣ ሹም እኮ ነች። ግራው ረድፍ ከሰል ሆኖ ወጣ። እኛ ብንሆን «አቃጠልኩት» ነበር የምንለው። እሷ «ካራሜል ነው» አለች። እዪልኝ ቋንቋ! እኔ ስንት ዓመት ካራሜል እየጣልኩ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

እና ይህች ሴት ዘመድ አላት አሉ፣ እዚሁ ቤት። የባሏ እህት። ሥራ ያስገባቻትም እሷው ነች፤ ባለቤቱን ሦስት ወር ለምና፣ «ጨዋ ናት፣ የወንድሜ ሚስት ናት፣ እጇ ንጹሕ ነው» ብላ ምላ ተገዝታ። የባሏ እህት ትንሽ ሞኝ ቢጤ ነች። እኔ በደንብ አውቃታለሁ። ጠዋት ጠዋት መስታወት ላይ አያታለሁ።

ወንድምየውማ ምን ይወጣለታል! የዋህ። ዓይኑ ደካማ ስለሆነ መነጽር ያደርጋል። ያገባ ቀን ብቻ ነው ያላደረገው፤ ለፎቶ አያምርም ብለውት።

ረቡዕ ማታ ሚስቱን ሊወስድ መጥቶ በኋላ በር ብቅ አለ። አንዱን ሰጠችው፤ ከስድስቱ የተረፈችውን። ጎረሰ። አንዴ አኘከ፣ ሁለቴ አኘከ… አቆመ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። አልቆሸሸም እኮ። ከዚያ «ጣፋጭ ነው» አለ። ለእሷ ነው ያለው። ያየው ግን ወደ ማጠቢያው ነው።

እኔም ድስት ማጠቤን ቀጠልኩ። ምን ልበል? አፉ ሞልቷል፣ ሆዱም ሞልቷል፤ አሥራ አንድ ዓመት አብሯት ተኝቶ የእሱ ሕልም ውስጥ አንድም ኬክ አልመጣለትም።

የባሏ እናት ሙሽሪት ነበር የምትላት። እንደ ገባች ሰሞን የወጣላት ስም፣ እንደዚያው ቀረ። ሙሽሪት፣ ተቀመጪ። ሙሽሪት፣ አትንኪው ያቃጥልሻል። እሷም ታዛዥ ነች፣ አትንኪ ካሏት አትነካም። ያን ሁሉ ዓመት ድስት ነክታ አታውቅም። ማድ ቤት ስትገባ እንኳ እጇን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ትከታለች። ጨዋነቷ! እዚያ ኪስ ውስጥ ይሄ ሁሉ ሙያ መኖሩን ማን ጠረጠረ? ምን ሊገባበት እንደሚችልስ ማን አሰበ?

እናትየው ያረፈች ጊዜ አንቺም መጥተሽ ነበር አይደል? ያቺ ጥግ ላይ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ። ቤቱ ሰው በሰው ሆኖ፣ እኔ… የባሏ እህት ማለቴ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትተኛ፣ ቤቱን ማን አጸዳው? እሷ። ማንም ሳያዛት! መጥረጊያ አንስታ። መሳቢያውን ጠረገች፣ የማድ ቤቱን መደርደሪያ ጠረገች፣ የአሮጊቷን ትራስ አንስታ ከሥሩ ጠረገች። ሙልጭ። እንዲህ ያለ ንጽሕና አይቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ገብቼ ብፈልግ ብፈልግ የማገኘው ነገር የለም። አቧራ እንኳ።

አንድ ደብተር ነበር።

ምንም አይደለም፣ እማዬ የሙያዋን የምትጽፍበት ተራ ሰማያዊ ደብተር ነው። አንቺ ብታይው ለእሳት ማቀጣጠያ ትይዋለሽ። ግን… እናትሽ በሕይወት አለች፣ የኔ እመቤት? ዕድሜ ይስጣት። ደብዳቤ ትጽፍልሻለች? የኔዋ አልጻፈችልኝም። አንድ ቤት ነው የኖርነው፣ ማን ለጎኑ ሰው ደብዳቤ ይጽፋል? ፎቶዋ አለኝ፤ ፎቶ ዝም ነው። ደብተሩ ግን ይቆጣል። «ቅቤውን አታጣድፊው» ይላል። «ሊጡን ምን አደረገሽ ብለሽ ነው እንዲህ የምትደበድቢው» ይላል። አንድ ገጽ ላይ ደግሞ ምንም የሙያ ነገር ሳይኖር፣ «ዛሬ ዘነበ፣ ልጄ ዘግይታ መጣች» ብቻ ይላል። ያቺ የዘገየችው እኔ ነኝ። የት አምሽቼ እንደነበር አላስታውስም። እሷ ግን ጽፋዋለች።

…አይ፣ ሥራሽን ሥሪ እንጂ፣ ምን ታዪኛለሽ። እንፋሎቱ ነው።

ይልቅ የሚያስቅ ልንገርሽ። ያ ሕልም ስም እንደወጣለት ሰምተሻል? «የልዕልት ጉንጭ»! ባለቤቱ ፊት ለፊት ያለው ሰሌዳ ላይ በትልቁ ጽፎታል፤ ሥሩ ላይ ጽጌረዳ ቢጤ ሥሎበታል፣ ጎመን ይመስላል እንጂ። እማዬ ምን ትለው እንደነበር ታውቂያለሽ? ቡትቶ! አዎ፣ ቡትቶ። በፊት በትልቅ ትሪ ነበር የምትሠራው። ኮኩ ከታች፣ ሊጡ ከላይ። ሊጡን አትዳምጠውም፣ እየቆነጠረች እዚህም እዚያም ጣል ጣል ነው። ከፎርኖ ሲወጣ የተጣጣፈ ልብስ ይመስላል። «ቡትቶዬን አቅርቡልኝ» ስትል እንግዳው ሁሉ ልብሱን ነበር የሚያየው።

ኋላ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትሪው ከበዳት። ሰው እንዲያነሳላት ደግሞ አትወድም፣ ደረቅ ነበረች፤ ከአልጋ ስትወርድ እንኳ ያገዛት ሰው ላይ ሦስት ቀን ታኮርፋለች። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ በቡና ስኒ… በሻይ ኩባያ፣ ባገኘችው ሁሉ ትንንሽ አድርጋ ጋግራው አገኘኋት። የኬኩን መሃል በማንኪያ ፈልፍላ፣ ኮኩን ሆዱ ውስጥ ሞልታ፣ ፍርፋሪውን አናቱ ላይ። ግማሹ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር። «ይሄ ቢወድቅ አንድ ነው የሚወድቀው» ብላ ሳቀች። ያን ዕለት ማታ የደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ጻፈችው። ፊደሎቹ ራሳቸው ይንቀጠቀጣሉ። አንዱን መስመር ጨርሳ ሌላውን ለመጀመር እጇን በሌላው እጇ ትይዘው ነበር።

የልዕልት ጉንጭ ማለት እንግዲህ እሱ ነው።

አሁን ደግሞ አንድ የሙያ ነገር ላስተምርሽ። አንቺ ክሬም ላይ ስለሆንሽ አይጠቅምሽም፣ ግን ጆሮ ያለው ሁሉ ቢሰማው ክፋት የለውም። የዚህ ኬክ ሽታ ከየት የሚመጣ ይመስልሻል? ከኮኩ ሥጋ? አይደለም። ከፍሬው ነው። መሃሉ ላይ ካለችው፣ ድንጋይ ከመሰለችው። እማዬ ኮኩን ስትሰነጥቅ ሰባት ፍሬ ለየት አድርጋ ታስቀምጥና ከስኳሩ ጋር ድስቱ ውስጥ ትጨምራቸዋለች። አብረው ይንተከተካሉ። ያ መንገደኛ የሚያቆም ሽታ የእነሱ ነው። ድስቱ ከእሳት ሲወርድ ግን፣ ከምንም ነገር በፊት፣ ጭልፋ ይዛ ሰባቱንም ታወጣቸዋለች። እየቆጠረች የሰሃን ጠርዝ ላይ ትደረድራቸዋለች። ስድስት ከሆኑ የቤቱ ሰው በሙሉ ይጠራል። አንዴማ ወንድሜን፣ የስድስት ዓመት ልጅ ነው ያኔ፣ አፉን አስከፍታ በጣቷ ፈተሸችው። ሰባተኛዋ ለካ ጭልፋው ጀርባ ላይ ተጣብቃ ነበር። እስከ ዛሬ ኮክ ሲያይ አፉን ይከፍታል።

ደብተሩ ላይ ምን እንደሚል ልንገርሽ? ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ሰባት ፍሬ ጨምሪበት። እስኪወፍር አማስዪው። ሲበርድ ኬኩን ሙዪው።» አለቀ። አውጪ አይልም። ለምን ይላል? አንቺ ለሰው አሠራር ስትጽፊ «ኬኩን ከነወረቀቱ አትብዪ» ብለሽ ትጽፊያለሽ? የጻፈችው ለእኔ ነዋ። ሃያ ዓመት አጠገቧ ቆሜ አብሬያት ስቆጥር ለኖርኩት። ሌላ ሰው ያነበዋል ብላ መች አሰበች።

ይሄ ሁሉ እንግዲህ የድሮ ወሬ ነው። የዛሬውን ልንገርሽ፤ እሱ ይሻላል።

ዛሬ ጠዋት ቆሻሻ የደፋሁት እኔ ነኝ። ያው ልምድ ስላለኝ። የኮኩ ሣጥን ላይ ሠላሳ ፍሬ… ሠላሳ ኮክ ይላል። ቅርጫቱ ውስጥ ሃያ ሦስት ድንጋይ ነበር። ተሳስቼ ነው ብዬ ጋዜጣ ላይ ዘርግቼ ደገምኩት። ሃያ ሦስት። ቆይ ብዬ ድስቱን አየሁት፤ ይሄው፣ እጄ ላይ ያለው ነው። ጠርዙን ፋቅኩ፣ ታቹን ፋቅኩ። ባዶ። ጭልፋው ባዶ፣ ጀርባውንም አይቻለሁ። ወንፊቱ ደግሞ ደረቅ ነው፣ ከትናንት ጀምሮ የነካው የለም። ሠላሳ ሲቀነስ ሃያ ሦስት… አንቺ ሒሳብ ጎበዝ ነሽ አይደል? እኔ እንኳ ቁጥር አልወድም።

ምነው ፊትሽ ነጣ? ክሬም ነክቶሽ ነው? እዚህ ጋ… አይ፣ እውነትም ነጥተሽ ነው።

እንዴት እንዳላየቻቸው ይገባኛል፣ አልፈርድባትም። ያ ዕቃ ቤት አምፖሉ እንደ ታመመ ሰው ዓይን ነው። ኮኮቹ ደግሞ ዘንድሮ ደቃቃ ናቸው፣ ፍሬያቸው የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው። በዚያ ጥቁር ሽሮፕ ውስጥ ሥጋውም ፍሬውም አንድ መልክ ይይዛል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ብትሠራው ኖሮ አንቺ ታዪ ነበር፣ እኔ አይ ነበር፣ አንዳችን «እንዴ!» እንል ነበር። ሕልሟን ሰው እንዳያይባት ብላ ነው በሯን ገርበብ አድርጋ የምትሠራው። ልክ ነች። ሰው መቼም ሌባ ነው። እንዲህ ተደብቃ፣ በጨለማ፣ በጭልፋ እየቀዳች ሃያ አራቱንም ሞላች፣ ፍርፋሪዋን ነሰነሰች። ትጋቷ ይገርመኛል። ከሃያ አራቱ ሰባቱ የትኞቹ እንደሆኑ አሁን እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ።

እስቲ ዝም በይ… ሰማሽው ሲስቅ? ፊት ለፊት። የሆቴሉ ሰውዬ ነው። ዛሬ ከወደደው በየሳምንቱ አምስት መቶ ሊያዝ ነው አሉ። ሳቁ እንዴት ነው የሚያምረው! ጥርሱን አየሽለት? አዲስ ነው። ባለፈው ሳምንት ነው ያስተከለው፤ ዓመት ሙሉ ሾርባ ሲጠጣ ኖሮ። ቅድም ሲገባ ባለቤቱን «ንካው፣ ግድ የለም ንካው» እያለ ነበር። ባለቤቱም በጣቱ ነካለት፣ ምን ያድርግ፣ አምስት መቶ እኮ ነው። ከዚያ ምን አለ? «ሐኪሜ ጠንካራ ነገር ከልክሎኛል፣ ለስላሳ ነገር ካላችሁ ብቻ ነው የምቀምሰው።» ለስላሳ! ባለቤቱ ምን ብሎ ቢመልስለት ጥሩ ነው? «ከልዕልት ጉንጭ የለሰለሰ ምን ይምጣልዎት?»

…ቁጭ በይ። ወዴት ነሽ? እግርሽ አብጧል አልኩሽ እኮ።

ሄደሽ ምን ልትያት ነው? «ፍሬዎቹን አውጪ»? የትኞቹን ፍሬዎች ትልሻለች። በሕልሟ ያየቻቸውን? አንቺ የእሷን ሕልም በምን አወቅሽ? «ማን ነገረሽ» ብትልሽስ? እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አትግቢ፣ የኔ እመቤት። ከጤፍ የቀለለ ነገር አታክብጂው። እሷ ራሷ ብትፈልግ ከዚያ በር እዚህ ድረስ ስድስት እርምጃ ነው።

ነገሩ ቀላል እኮ ነበር። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ቢላም አያስፈልገኝ፤ መዳፌ ላይ ባስቀምጠው በክብደቱ እለየዋለሁ። እማዬ ዓይኗ ደክሞ ፍሬ ያመለጣት ጊዜ እንዲያ ነበር የምንለየው። ሰባቱን ለይቼ፣ አናታቸውን ከፈት አድርጌ፣ ሰሃን ጠርዝ ላይ ደርድሬ፣ ፍርፋሪውን መልሼ… ልዕልት ራሷ ጉንጯ መነካቱን ሳታውቅ። ለማንም አልናገርም። ፎርኖውም ይቅርብኝ። ጋውኗን ትልበስ፣ ቀይም ያምርባታል። በሕልሟ መጣላት ብዬ እኔም እመሰክርላታለሁ፤ ሰምቼ ዋልኩ እላለሁ፣ ስታንኮራፋ።

አንድ ነገር ብቻ። አንድ ሰማያዊ ነገር እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ዱቄቱ አጠገብ፣ ቢቀመጥ። ማንም ምንም አይበል። ከቁም ሣጥን ጀርባ ተገኘ ይባል። ሳላውቅ ከልብስ ጋር ይዤው ሄጄ ነው ይባል። እኔ መች እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ? እስኪቀመጥ ድረስ ጀርባዬን አዞራለሁ። ይሄው… አዞርኩ።

…

ሰማሽ? ትሪው ሲንኳኳ ነበር እዚያ ውስጥ። አሁን ጸጥ አለ።

ማቀዝቀዣውም ዝም ብሏል እንዴ? መቼ ነው ያቆመው? አንቺ ደግሞ አትነግሪኝም፣ እኔ እዚህ ስጮህ! እንግዲህ ወሬዬ ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም። ይሁና። ምን ክፉ ነገር ተናገርኩ? ሙያ ነው ያስተማርኩት።

አንድ። ሁለት። ሦስት… ምንም አይደለም፣ ማንኪያዎቹን እየቆጠርኩ ነው። አራት። አምስት።

ባለቤቱ ደወሉን መታው። ሰውዬው ቸኮለ መሰለኝ።

ስድስት።

…

መጣሽ! እንዴ፣ ጋውኑ እንዴት አምሮብሻል በሞቴ! እስቲ ዞር በይ። ክሬም ቀቢያችን፣ እዪያት እስቲ፣ ለእሷ የተሰፋ አይመስልም? ኬኮቹስ! ሃያ አራቱም አንድ እናት የወለደቻቸው ነው የሚመስሉት። ሽታው አሁን ተስተካክሏል። አዎ… በደንብ ተስተካክሏል። አውቀዋለሁ ይሄን ሽታ።

ከትሪው ሌላ ምንም አልያዝሽም? ምንም? አይ፣ እጅሽ ከሞላ በሩን ልክፈትልሽ ብዬ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዱቄት አለ፣ ራቅ ብለሽ እለፊ፣ ጋውንሽን እንዳይነካብሽ።

ምነው ቆምሽ? ላብ አልቦሻል፤ ነይ ልጥረግልሽ። የምትጠይቂኝ ነገር አለ? አንዲት ነገር? ንገሪኛ፣ እኔ እኮ ዘመድሽ ነኝ…

የለም?

ደህና። ቆይ፣ በሩን ያዝኩልሽ። ፈገግ በይ፣ ሰውዬው ፈገግታ ይወዳል። ሂጂ እንግዲህ፣ ሙሽሪት። እጅሽ ይባረክ። ካንቺ እጅ የቀመሰ ሁሉ ዕድሜ ልኩን አይርሳሽ። ፈጣሪ ሰባት ጊዜ ይባርክሽ… እማዬ ካለችበት ሆና ትቁጠርልሽ፣ አንዷም አትጉደልብሽ።

በሩ ተዘጋ።